የውሃ ዳር ጽዳት ዘመቻ ልናዘጋጅ ነው፤ ልምድ ያላችሁ እስቲ ምከሩን

የዳርቻው ጎረቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ውሃ ዳር የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች ነን። ዳርቻው በቆሻሻ እየተዋጠ ነው። ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የተፈረፈረ ፎም፣ የተቆራረጠ የዓሣ መረብ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የማይገኝ ነገር የለም። ንፋስ በበረታ ማግስት አሸዋው ራሱ አይታይም። ሁሌ «ኧረ አንድ ነገር እናድርግ» እንባባላለን፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። አሁን ግን ቆርጠናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ጠርተን ልናጸዳ ነው።

ችግሩ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር አዘጋጅቶ የሚያውቅ የለም። ጓንትና ከረጢት እንገዛለን፣ በቴሌግራም ግሩፕ እንጠራራለን፣ ከዚያ እንለቅማለን። ያሰብነው ይሄንኑ ያህል ነው። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጥያቄው ይበዛብኛል። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ካስፈለገስ ከማን? ስንት ሰው ይበቃል? ብዙ ሰው ከመጣ እንዴት ነው የምናሰማራው? የተሰበረ ጠርሙስ አለ፣ አልፎ አልፎ መርፌም አይተናል፣ እሱን ማን ይንካው? ልጆቻችንም እኛም እንምጣ እያሉ ነው፣ ይምጡ ወይስ ይቅርባቸው?

ሌላው ነገር፣ አንድ ጎረቤታችን «በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል፣ ትርፉ ድካም ነው» አሉን። ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ውሃ ዳር የኖሩ ናቸው፣ ስለዚህ ቃላቸውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እውነት ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ምን ብናደርግ ነው ለውጥ የሚመጣው? የሠራችሁበት ሰዎች ካላችሁ ንገሩን። ብታስረዝሙትም በደስታ አነባለሁ።

አስተባባሪ

እንኳን ቆረጣችሁ። እኔ እንዲህ ያሉ ዘመቻዎችን ሳስተባብር ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከጓንትና ከከረጢት ነው። እናንተ ግን ከመጨረሻው ጀምሩ። የተለቀመው ቆሻሻ ማታ የት ነው የሚያድረው? ይሄን ሳትመልሱ ቀን አትቁረጡ። መልቀሙ አያስቸግርም፣ ሰው ተደስቶ ይለቅማል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከረጢቱ ዳርቻው ላይ ተደርድሮ ይቀራል። ሌሊት ውሻ ይቀደዋል፣ ንፋስ ይበትነዋል፣ ዝናብ ከጣለበት ደግሞ የለቀማችሁት ሁሉ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ነው። እንዲህ የሆነ ዘመቻ አይቻለሁ። የለፋው ሰው ሁሉ በጣም ነው ያዘነው፣ በሌላ ጊዜ ሲጠራም እሺ ብሎ የመጣ ጥቂት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት፣ ወይም በአካባቢያችሁ ቆሻሻ የሚያነሳው ክፍል ማን እንደሆነ አጣሩና እዚያ ሂዱ። መኪናው በዚያው ቀን በስንት ሰዓት ይመጣል? እስከ የት ድረስ መግባት ይችላል? እርጥብና አሸዋ የበዛበት ቆሻሻ ይቀበላሉ? የመኪና ጎማ፣ ያለቀ ባትሪ፣ ቀለም የነበረበት ጣሳ ቢገኝስ ማን ይወስደዋል? ይሄን ሁሉ ጠይቁ። «ችግር የለም፣ እንልካለን» ሲሏችሁ በዚያ አትመለሱ። አጭር ደብዳቤ አስገቡ፣ የገባበት ቀን የተመታበት ቅጂ ያዙ፣ በዕለቱ የሚመጣውን ሾፌር ስልክ ተቀበሉ። ብዙ ጊዜ የፈቃዱ ጉዳይም እዚያው ያልቃል። ዳርቻው የግል ይዞታ ወይም የወደብ ክልል ከሆነ፣ አለዚያም ለዱር እንስሳት የተከለለ ከሆነ ግን ባለቤቱን ለብቻ ማስፈቀድ ግድ ነው።

ፕላስቲኩን ለይተን መልሶ ለሚጠቀምበት እንሰጣለን ካላችሁም አስቀድማችሁ ተቀባዩን አነጋግሩ። ፀሐይ የበላው፣ አሸዋና ጨው የገባበት ፕላስቲክ ብዙ ቦታ አይፈለግም። ተቀባይ ከተገኘ ለዩ። ካልተገኘ ሰውን በመለየት አታድክሙ።

ከዚያ ቦታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢስቶኒያ ውስጥ 50,000 ያህል ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ አገሩን ሲያጸዳ፣ ቆሻሻው የት የት እንደተጣለ አስቀድሞ ተዞሮ ካርታ ላይ ተመዝግቦ ነበር። የእናንተ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቢሆንም ሥራው ያው ነው። ቆሻሻ ዳርቻው ላይ እኩል አይበተንም። ንፋሱ ወደሚገፋበት ዳር፣ ወንዝ ወይም ቱቦ የሚገባበት አፍ ላይ፣ ቄጠማና ድንጋይ ሥር ይከማቻል። አንዱ መቶ ሜትር ባዶ ሆኖ ቀጣዩ ሰው ሁሉ ቢረባረብ የማያልቅ ሊሆን ይችላል። ይሄን ካላወቃችሁ ግማሹ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፣ ግማሹ ይሰበራል። ስትዞሩ የሚያንሸራትተውን ድንጋይ፣ የሚያሰምጠውን ጭቃ፣ መኪና የሚደርስበትንና መጸዳጃ ያለበትን ቦታ አብራችሁ መዝግቡ።

ስለ ሰዓት። የሁለት ሰዓት ሥራ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሰው ይደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ እግሩን ድንጋይ ላይ፣ እጁን ጠርሙስ ላይ ያሳርፋል። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ሳታዩ ሰዓት አትወስኑ። ውሃው እየጎደለ ሳለ ጀምሩ፣ መመለስ ሳይጀምር ውጡ። በተለይ ከኋላው ገደል ያለበት ዳርቻ ላይ ይሄ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ሐይቅ ዳር ከሆነ እንዲህ ያለ ስጋት የለም፣ ግን የሰሞኑን ዝናብና ማዕበል ተከታተሉ። መብረቅ ከጀመረ ያለ ምንም ክርክር ይሰረዝ። ቀኑን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሴፕቴምበር 20ን የዓለም የጽዳት ቀን አድርጎ ሰይሟል፣ በዚያ ሰሞን ብታደርጉት ሰው ለመጥራት ይቀላል። ግን እሱን ብላችሁ ወራት አትጠብቁ።

ለመጀመሪያው ጊዜ ሃያ ሠላሳ ሰው በቂ ነው። መቶ ሰው ጠርቶ መምራት ካለመቻል ሠላሳውን በደንብ ማሠራት ይሻላል። ስምንት ወይም አሥር ሰው አንድ መሪ ይኑረው። ለእያንዳንዱ ቡድን «ከዚያ ዛፍ እስከዚህ ድንጋይ» ብላችሁ በዓይን የሚታይ ድንበር ስጡት። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሥሩ፣ አንዱ ይለቅማል፣ ሌላው ከረጢት ይይዛል። ስስ ፌስታል አይሆንም፣ የመጀመሪያው የጠርሙስ ስባሪ ይተረትረዋል። ባዶ ማዳበሪያ ጠንካራ ነው፣ ታጥቦ ደግሞ ያገለግላል። ከሁሉ የምወደው ግን ባልዲ ነው። ንፋስ አያጥፈውም፣ አፉ ክፍት ነው፣ ሲሞላ ማዳበሪያው ውስጥ ይገለበጣል። ማዳበሪያውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። አሸዋና ውሃ የጠጣ ሙሉ ማዳበሪያ ለሁለት ሰውም ይከብዳል፣ የአንዱን ወገብ ይዞ ይቀራል። ጠርሙሶቹን ክዳናቸውን ከፍታችሁ ውሃውን ድፉት፣ አሸዋውን አራግፉ፣ ከዚያ ይግባ። የሞላው ማዳበሪያ ውሃው ከሚደርስበት መስመር በላይ፣ መኪናው የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሰብሰብ።

የሚጠጣ ውሃ በትልቅ ጀሪካን አቅርቡ፣ ሰው መጠጫውን ይዞ ይምጣ። ለጽዳት መጥተን ባዶ ሃይላንድ አንጨምርም።

ቀልጣፋ

ረጅም እጀታ ያለው መቆንጠጫ አትርሱ። ወገብ ያድናል።

ነርስ

ከላይ አስተባባሪ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ በሙያዬ ልጨምር።

ጓንት ስትሉ ስስ የሕክምና ጓንት ማለታችሁ ከሆነ አይሆንም። መዳፉ ጎማ የተቀባ ወፍራም የሥራ ጓንት ነው የሚያስፈልገው። ጫማ ጣት የሚሸፍንና ሶሉ ጠንካራ የሆነ፣ ሱሪ ረጅም። በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግር የመጣ ሰው ምዝገባ ላይ ይቀመጥ፣ ዳርቻው ላይ አይሰማራ። ቅር ቢለውም።

ወፍራሙ ጓንትም ቢሆን መርፌ አያቆምም። ይሄን ለሁሉም ሰው ከመሰማራቱ በፊት በግልጽ ንገሩት። መርፌ ያየ ሰው አይነካውም። እዚያው ቆሞ እጁን ያነሳና የቡድን መሪውን ይጠራል። መሪው ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነ፣ በሚጠመዘዝ ክዳን የሚዘጋ ዕቃ ይኑረው። ዕቃውን መርፌው አጠገብ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፣ በእጁ አይይዘውም፤ ብዙ ሰው የሚወጋው በአንድ እጁ ዕቃ ይዞ በሌላው ሲከት ነው። መርፌውን በመቆንጠጫ ከሲሪንጁ በኩል ይይዝና ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ይከተዋል። ክዳኑን መልሶ መርፌው ላይ ለመግጠም ፈጽሞ አይሞክር። ዕቃው በኋላ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚሄደው፣ ከሌላው ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም። ይቀበሉን እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰው ከተወጋ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። አይጠባ፣ አይጨመቅ። ከዚያ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና። «ማታ እሄዳለሁ» አይባልም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ስለሚባለው የጉበት በሽታም የሚያዩት ሐኪሞቹ ናቸው። ስለዚህ በዕለቱ ክፍት የሆነው ቅርብ ጤና ተቋም የቱ እንደሆነ፣ ማን በማን መኪና እንደሚወስድ ጠዋት ላይ የታወቀ ይሁን።

የቴታነስ ክትባታቸው ካለፈ ረጅም ጊዜ የሆናቸው ሰዎች ቀድመው ይከተቡ። ብዙ አዋቂ የመጨረሻውን መቼ እንደወሰደ አያስታውስም። በብዙ አገር በየአሥር ዓመቱ እንዲታደስ ይመከራል።

ሐይቅ ወይም ቀስ ብሎ የሚፈስ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ፣ በተለይ ሞቃት አገር፣ ውሃው ውስጥ ገብታችሁ አትልቀሙ። ቢልሃርዚያ ውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በጤነኛ ቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ቁስል አይፈልግም። የአይጥ ሽንት ካለበት ውሃ የሚመጣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታም አለ፣ እሱ በቁስልና በዓይን በኩል ይገባል። ስለዚህ እግሩ ወይም እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ሸፍኖት ይምጣ። ከደረቁ ዳር ያለው ሥራ ለሁለት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ሲያልቅ ሁሉም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብም ሆነ ፊቱን አይንካ።

አፉ የታሸገ በርሜል፣ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ጀሪካን፣ ጥይትና ፈንጂ የሚመስል ነገር ከተገኘ ራቅ ብላችሁ ምልክት አድርጉና ለሚመለከተው ደውሉ። አይከፈት፣ አይንቀሳቀስ፣ አይሽተት።

የወፍ ወዳጅ

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁሉንም አታጽዱት።

ሰው ጽዳት ሲባል አሸዋው እንደተጠረገ ግቢ እንዲሆን ይፈልጋል። ውሃው ያመጣው የእንጨት ግንድ፣ የደረቀ ሣር፣ ባሕር ዳር ከሆነም የባሕር አረሙ ቆሻሻ አይደለም። እሱ ሥር ነፍሳትና ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ፣ የዳርቻ ወፎች ምግባቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። አሸዋውንም ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ፕላስቲኩን ከመሃሉ በእጅ ነቅሳችሁ አውጡና ሌላውን ባለበት ተዉት። ትልቅ መቧጠጫ ይዞ አሸዋውን የሚልግ ሰው ካለ አስቁሙት።

ወፎች የሚፈለፍሉበት ወቅት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ከተቻለም ከዚያ ወቅት ውጪ አድርጉት። ብዙ የዳርቻ ወፎች ጎጆ አይሠሩም። ባዶ አሸዋና ጠጠር ላይ ነው የሚጥሉት፣ እንቁላሉም ነጠብጣብ ያለበት ጠጠር ስለሚመስል ሰው ረግጦት ያልፋል። አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏ የተሰበረ መስላ፣ መሬት እየጎተተችው ከፊታችሁ ስትሮጥ ካያችሁ አትከተሏት። እንቁላሏ ወይም ጫጩቷ እግራችሁ ሥር ስለሆነ እናንተን ልታርቅ ነው። ባላችሁበት ቁሙ፣ መሬቱን እያያችሁ በመጣችሁበት እርምጃ ተመለሱ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጋችሁ ሌላ ሰው እንዳይገባበት አድርጉ።

ጣሳና ጠርሙስ ከረጢት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውስጡ ይታይ። ሸርጣንና ትናንሽ ዓሣዎች ቤት ያደርጉታል። ቄጠማው ውስጥም ሰው ተግተልትሎ አይግባ፣ ከዳር በመቆንጠጫ የተደረሰበት ይበቃል።

እውነቱን ልናገር

ለጠያቂው ክብር አለኝ፣ ግን እኔም እንደ ጎረቤታቸው ነው የማስበው። እኛም አካባቢ ይጸዳል፣ ሰው ይደሰታል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ጎርፉ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ይመጣና ያው ነው። የሚጥለው ሌላ፣ የሚያነሳው ሌላ። ጉልበታችሁን ምንጩ ላይ ብታውሉት አይሻልም ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ቆጣሪ

ከላይ ያሉት ጥያቄ ትክክለኛ ነው። መልሱም እውነት ነው፣ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ለቅሞ መሄድ ብቻ ከሆነ ጎረቤትዬው ልክ ናቸው። ግን ምንጩ ላይ እንሥራ ስትሉ ምንጩ የት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ዳርቻው ላይ የወደቀው ዕቃ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ የምትለቅሙትን ቁጠሩት።

ዛሬ በብዙ አገሮች በየዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ነው። ሊንዳ ማራኒስና ካቲ ኦሃራ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ሰው ጠሩ፣ 2,800 ሰው ወጣ። ባሕር ዳር ማጽዳት በዚያ ቀን አልተፈጠረም። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ ሰው ያነሳውን በዓይነት በዓይነቱ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍር መደረጉ ነው። ያ ልማድ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ቁጥሩ ምን ያደርጋል ለሚል፣ የአውሮፓ ኅብረትን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፕላስቲኮች ላይ ሕግ ሲያወጣ የትኞቹ ዕቃዎች ይካተቱ የሚለውን የመረጠው በአውሮፓ ባሕር ዳርቻዎች ተቆጥረው በብዛት የተገኙትን አይቶ ነው። የፕላስቲክ ስትሮው፣ ሹካና ማንኪያ፣ ሳህን፣ የጆሮ ጥጥ ዘንግ ከ2021 ጀምሮ ገበያ ላይ እንዳይቀርቡ ተደረገ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈትም ከጠርሙሱ ሳይለይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ግዴታ ሆነ። ይሄ ክዳን ነገር ትንሽ ይመስላል። ግን ዳርቻ ስትለቅሙ ልብ በሉ፣ ክዳኑ ከጠርሙሱ ተለይቶ ለብቻው በብዛት ይገኛል። ክዳኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ጠርሙሱ የተሠራበት ግን ከውሃ ይከብዳል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ ከገባበት ይሰምጣል። እናንተ ዳር ላይ ያነሳችሁት አንድ ክዳን ከታች አንድ ጠርሙስ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከዳርቻው 100 ሜትር ለኩ፣ በሁለቱም ጫፍ የማይጠፋ ምልክት ያዙ። ሁሌም ያንኑ 100 ሜትር ነው የምትቆጥሩት። ሌላውን ሳትቆጥሩ ማጽዳት ትችላላችሁ። አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቁም፣ ለቃሚዎቹ የያዙትን ጮክ ብለው ይጥሩለት፣ እሱ ጭረት ይጨምር። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ፌስታል፣ የምግብ መጠቅለያ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ፎም፣ ገመድና መረብ፣ የመስታወት ጠርሙስ፣ ሌላ። ሲጀመር ይሄ ይበቃል። ክብደት ብቻ አትመዝግቡ፣ እርጥብ አሸዋ ያሳስታችኋል። የሲጋራ ቁራጭን ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። ማጣሪያው ጥጥ ይመስላል እንጂ ሴሉሎስ አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ ውስጥም የያዘውን መርዝ ይለቃል።

ከዚያ ወረቀቱን አንብቡት። የጆሮ ጥጥ ዘንግ በርከት ካለ የሽንት ቤት ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው፣ ሰው መጸዳጃ ውስጥ ስለሚጥለው። መጠቅለያና ስትሮው ከበዛ ዳርቻው ላይ የሚዝናናው ሰው ነው፣ መፍትሔውም ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያና በሰዓቱ የሚያነሳ ሰው ነው። ቱቦው አፍ ላይ ብቻ ከተከማቸ ከላይ ከተማው ውስጥ ያለው የጎርፍ መውረጃ ነው፣ እዚያ ወንፊት ይግባልን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ዳርቻው ቆሽሿል» የሚል ሰው ብዙ ነው። በተለያየ ወቅት ከአንድ ቦታ የተቆጠረ ሠንጠረዥና ከአንድ ነጥብ ላይ የተነሳ ፎቶ ይዞ የሚገባ ሰው ግን ጥቂት ነው፣ እሱን ዝም ብሎ መሸኘት ይከብዳል።

ስለ መመለሱ ደግሞ አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ህንድ፣ ሙምባይ ውስጥ ቬርሶቫ የሚባል ባሕር ዳርቻ አለ። አፍሮዝ ሻህ የሚባል ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድ አዛውንት ጎረቤቱ ጋር ሁለት ሆነው መልቀም ጀመሩ። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ባሕሩ ቆሻሻውን ይመልሰው ነበር። እነሱ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ እየወጡ፣ ሰውም እየተጨመረ ሄደ። በ2018 የባሕር ኤሊ ግልገሎች ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እዚያ ዳርቻ ላይ ታዩ። አንድ ዳርቻ ብቻ ማጽዳት ስለማይበቃም በከተማዋ ወደሚያልፈው ሚቲ ወንዝ ሄደው እዚያም መሥራት ጀመሩ። የሚያጸዳውና ምንጩን የሚያሳድደው ያው አንድ ሰው ነው።

የዳርቻው ጎረቤት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለጎረቤቶቼ አንብቤላቸዋለሁ። ዛሬውኑ ስለ መኪናው ለማነጋገር ሁለት ሰው መደብን፣ ቀኑን የምንቆርጠው የነሱን መልስ ሰምተን ነው። እኚያ «ትርፉ ድካም ነው» ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ ስለ ቱቦው ሲነበብ «እሱንማ እኔ አሳያችኋለሁ፣ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ» አሉ። የመጀመሪያውን ዞረን የማየት ሥራ ከሳቸው ጋር ልንሄድ ነው።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አሸዋ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ትልቅ መረብ አለ፣ ገመዱ ወደ ውሃው ይገባል። እሱን እንዴት ነው የምናወጣው? ስለ ልጆቹም ማንም አልመለሰልኝም።

አስተባባሪ

ልጆቹን አምጧቸው። ግን እያንዳንዱ ልጅ በስም የሚጠብቀው የራሱ ትልቅ ሰው ይኑረው፣ ያ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠው። ከውሃው ራቅ ያለውን፣ ጠርሙስ ስባሪ የሌለበትን ሜዳማ ክፍል ቀድማችሁ አይታችሁ ለነሱ ስጡ። ትንንሾቹን ከቆጣሪው ጋር አድርጓቸው። ጭረቱን እነሱ ይጨምሩ፣ ከትልቅ ሰው ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። የትምህርት ቤት ልጆች ከሆኑ ወላጅ የፈረመበት ፈቃድ ያስፈልጋል።

አጥማጅ

ስለ መረቡ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ።

አትጎትቱት። አሥር ሰው ገመድ ይዞ «ሆ!» ብሎ ሲስብ አይቻለሁ፣ ገመዱ ሲበጠስ ሁሉም በጀርባው ነው የሚወድቀው። የተቀበረ መረብ አሸዋውን ስለሚይዝ ከሚታየው ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍራችሁ የወጣውን ያህል በስለት እየቆረጣችሁ፣ ሁለት ሰው ሊሸከመው በሚችል መጠን ጠቅልሉት። የሚቆርጠው ሰው ስለቱን ከራሱ ወደ ውጭ ይሳብ፣ ሌላው ሰው እጁን ከፊቱ ያርቅ። ወደ ውሃው የሚገባውን ገመድ ተከትላችሁ አትግቡ። ውሃ ውስጥ ያለ መረብ እግር ይይዛል፣ ዋና የሚችለውንም ያስቀራል። ዳር ላይ ቁረጡትና የቀረውን ቦታ መዝግባችሁ ለጠላቂ ወይም ጀልባ ላለው ሰው ንገሩ። ግን አትርሱት፣ የተጣለ መረብ ባለቤት ባይኖረውም ዓሣ መያዙን አይተውም፣ ወፍም ኤሊም ይይዛል።

መንጠቆ ይኖርበታል። ጓንት ላይ አትተማመኑ፣ በፒንሳ ጫፉን ቆርጣችሁ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ስሱ የናይለን ክር ደግሞ በደንብ ይጠቅለል፣ ተዘርግቶ ከተጣለ ቆሻሻ መጣያው ላይ የሚመገቡ ወፎች እግር ላይ ይጠመጠማል። መረቡ ውስጥ በሕይወት ያለ እንስሳ ካገኛችሁ ቸኩላችሁ አትልቀቁት። ገመዱ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላ አድርጉለትና የዱር እንስሳት ሐኪም ወይም ጠባቂ ጥሩ።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ። እኛን አጥማጆቹን ከቀኑ በፊት መጥታችሁ አነጋግሩን። ንፋሱ ቆሻሻውን በየትኛው ወር የት እንደሚያከማች እኛ እናውቃለን፣ ጀልባም አለን። ግን «መረብ የምትጥሉት እናንተ ናችሁ» ብሎ የሚጀምር ሰው ማንም አያዋራውም። መረብ ውድ ነው፣ ወዶ የሚጥለው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው በማዕበል የሚጠፋ ነው። አርጅቶ የተቀደደውን ደግሞ የምናስረክብበት ቦታ የለንም። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለአጥማጆች ትልልቅ ከረጢት እየተሰጣቸው፣ መረባቸው ውስጥ የገባውን ቆሻሻ ወደ ወደብ አምጥተው ያለ ክፍያ የሚያስረክቡበት አሠራር አለ፣ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። እናንተም ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ ከመኪናው ጥያቄ ጋር ጀልባ ማቆሚያው ላይ አንድ ትልቅ መጣያ ጠይቁልን። እሱ ከተቀመጠ እኛ ከውሃው የምናወጣውን በየቀኑ እንሞላዋለን።